የትንሿ ድስት

የባልትና ሱቄ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ከልደታ ማርያም ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ተልባና የልጅ ገንፎ ዱቄት እሸጣለሁ። የልጅ ገንፎ ዱቄት የሚሸጥ ሰው ደግሞ ወደደም ጠላም የእናቶችን ጉዳይ ያውቃል። ዱቄቱ እስኪመዘን ቆመው ያወራሉ። የአንዷ ልጅ ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰል አልበላ ብሏል፤ የሌላዋ ጡት ቀንሷል፤ ሌላዋ ደግሞ ለዱቄት መጥታ የባሏን እናት አምታ፣ ቀሎላት ትሄዳለች። እኔም እሰማለሁ። አንዳንዴ የምሸጠው ዱቄት ይሁን ጆሮዬ ግራ ይገባኛል።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጣች። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ እኔም እንደዚያው። በክትባት ቀን እናቶች ተራ ሲጠብቁ ስለ ልጅ አመጋገብ የምታስተምረው እሷ ናት። አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«እትዬ፣ እኔ ስናገር ግማሾቹ ስልካቸውን ያያሉ፣ ግማሾቹ ያንቀላፋሉ። እርስዎ ጋ ሲሆኑ ግን ቆመው ይሰማሉ። እስቲ ይህንን ይዩልኝ።»

አነበብኩት። «ሕፃናት ከእናት ጡት ወተት በተጨማሪ ከልዩ ልዩ የምግብ ምድቦች የተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብ ማግኘት ይኖርባቸዋል» ይላል።

«ይኼ ለማን ነው?» አልኳት።

«ለእናቶች ነዋ።»

«ያንቺ እናቶች እንዲህ ብለው ያወራሉ?»

ሳቀች። ጥሩ ነገሯ ይኼ ነው፣ ሲነግሯት አይከፋትም። «ስህተት የለበትም እኮ» አለች።

«ስህተትማ የለበትም። እንቅልፍ ነው ያለበት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ቀለል ሲል፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ሱቄ በር ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጥ ጀመር። የምንሠራው እንዲህ ነበር፦ ደንበኛ ስትመጣ አንድ ነገር እንነግራታለን። ከዚያ «ቤትሽ ስትገቢ ለጎረቤትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» እንላታለን። የምትለው ከኛ አባባል ከተሻለ የሷን እንወስዳለን፣ የኛን እንጥላለን። ብዙ ጊዜ የሷ ይሻላል። «የተመጣጠነ» የሚለውን ያስጣለችን ጥቅል ጎመን ይዛ ያለፈች አንዲት ሴት ናት። «በቃ፣ ገንፎው ነጭ ብቻ አይሁን፣ ቀለም ይግባበት ማለታችሁ ነው አይደል?» አለችን። ሲስተር ተነሥታ ልትስማት ነበር። ቀለም ይግባበት! ከካሮቱ፣ ከጎመኑ፣ ከእንቁላሉ አስኳል። ይኼን ለማንም ብትነግሩት አይረሳውም።

ጾሙ እየቀረበ ስለነበር ሲስተር ስለ እንቁላልና ስለ ወተት ተጨነቀች። ጾም በገባ ቁጥር የሕፃናት ኪሎ ይቀንሳል ትላለች፤ በየዓመቱ የምታየው ነገር ነው። ስለዚህ «ልጅ አይጾምም» የሚል አጭር ነገር አሰናዳንና ሞከርነው። ማንም የተቃወመን የለም።

«ይኼንንማ ማን አጣው?» አሉን።

«የንስሐ አባቴም የሚሉኝ ይኸንኑ ነው።»

«ሕፃን ምን ኃጢአት አለው ብሎ ይጾማል?»

እኔና ሲስተር ደስ አለን። የተስማማንበት ነገር እንዲህ ቀላል ሲሆን ሰው መጠርጠር ነበረበት፤ እኛ ግን አልጠረጠርንም።

እዚያው ሕንጻ ላይ፣ ከኔ ቤት በታች፣ አንዲት ወጣት እናት ትኖራለች። ባሏ ሰንጋ ተራ ግንባታ ላይ የሚሠራ ጭምት ልጅ ነው፤ የባሏ እናትም አብረዋቸው ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ያኔ ገና መዳህ የጀመረች። ዓይኗ ትልልቅ፣ ሰው ስታይ ቶሎ የምትስቅ፣ ግን ክንዷ እንደ ሸንኮራ ጫፍ የቀጠነ። ጾሙ ከገባ በኋላ ሲስተር ክንዷን በዚያች ባለ ቀለም መለኪያ ለካችው። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ ያሰጋል፣ ቀይ ከሆነ ሐኪም ቤት መተኛት ነው። የትንሿ ቢጫ ላይ አረፈ።

እናትየው ከዚያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ሱቄ ነው የመጣችው። ልጇን አዝላ፣ ከንፈሯ ደርቆ።

«እትዬ፣ ባለቤቴ ለፋሲካ አገር ቤት ስንሄድ ትንሿ እዚያው ትቅር እያለ ነው» አለችኝ። «እናቴ ጋ ላም አለች። 'እስከ ፋሲካ ካልተሻላት እዚያ ወተት ጠጥታ ትደግ' አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ? ለሷ ብሎ ነው እኮ። ግን ጡት አልተወችም። አገር ቤት ትቻት ተመልሼ እዚህ ምን ላደርግ ነው?» አለችና ጀርባዋ ላይ ያለችውን ልጅ ሳትዞር በእጇ መታ መታ አደረገቻት፤ ልጅቷ ግን ተኝታ ነበር።

ሲስተር የነገረቻትን ጠየቅኳት። በሙሉ ታውቀዋለች፣ አንድም አላዛነፈችም። ገንፎው ላይ ዘይት ጠብ ማድረግ፣ ቀለም ማስገባት፣ በየቀኑ እንቁላል። «እንቁላል አለሽ?» አልኳት። «አለ። ባለቤቴ ገዝቷል።» ጎሽ ብዬ ሸኘኋት።

ሲስተር መልሳ ስትለካት ግን ቢጫው ላይ ናት። እንዲያውም ወደ ቀዩ ቀረብ ብላለች። ሲስተር ያን ቀን በርጩማው ላይ ሳትቀመጥ ቆማ ነው የነገረችኝ።

«ምን እንደሆነ አልገባኝም እትዬ። የነገርኳትን አንድ በአንድ መለሰችልኝ። እንቁላል አለ። ልጅቷ ተቅማጥ የላት፣ ትኩሳት የላት። ወይ ውሸቷን ነው፣ ወይ እኔ የማላውቀው በሽታ አለ።»

«ውሸታም አይደለችም» አልኩ። አለመሆኗን አውቃለሁ፤ እንቁላል አለ ስትል ዓይኗን አልሰበረችም።

በማግስቱ ለእማማ የሚሆን ሽሮ ቋጥሬ ወረድኩ። ሽሮው ሰበብ ነው፤ ሰው ቤት ባዶ እጅ ሄዶ ጓዳ ማየት አይቻልም። ወጣቷ እናት ከፈተችልኝ። እማማ ቤተ ክርስቲያን ኪዳን ሊያደርሱ ሄደዋል። ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የፕላስቲክ ክዳን ታኝካለች። ጓዳዋን ታውቋታላችሁ፣ የኮንዶሚኒየም ጓዳ፤ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት። እኔ ገባሁ፣ እሷ በር ላይ ቆመች። መደርደሪያው ላይ አንድ ሳህን ሙሉ እንቁላል ተቀምጧል። ማንም አልነካውም።

«ምነው ሳትነኪው?»

ዞራ ልጅቷን አየች።

«አልወድም አለች?»

«አልቀመሰችውም፣ እንዴት ትጠላለች» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ድስቷ አንድ ናት እኮ እትዬ» አለችኝ።

«የቷ ድስት?»

«ያቻት።» ምድጃው ላይ ያለችውን አሳየችኝ። ውስጧ እንደ መስታወት ያበራል። «የእማማም ሽሮ በሷ ነው፣ ጎመኑም በሷ ነው፣ የልጅቷም ገንፎ በሷ ነው። ጾም ሊገባ ሲል በሙቅ ውኃና በሎሚ የፈተግኳት እኔ ነኝ፤ የቅቤ ሽታ እንዳይቀርባት ብዬ። አሁን እንቁላል ብሰብርባት ለእሳቸው በምን ልሠራላቸው ነው?»

«ቀቅለሽ አትሰጫትም?»

«ሲቀቀል ቢፈነዳስ?»

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት። ልክ ናት፤ እንቁላል ይፈነዳል።

«እሳቸው ከልክለውሽ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! 'ልጅቷን አብያት፣ አደራ' ነው የሚሉኝ። እኔም እሺ እላቸዋለሁ። ምን ልበላቸው? 'ጾምዎን በያዙበት ድስትዎን ላርክስብዎት' ልበል?»

የበሩ መዝጊያ ሲጢጥ ሲል ሰማን። እማማ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃውን ሲወጡ በየመዞሪያው ስለሚያርፉ ከሩቅ ነው ትንፋሻቸው የሚሰማው፤ እኛ ግን በወሬ ተይዘን አልሰማንም።

«አንቺ ባለ ሱቅ፣» አሉኝ የቋጠርኩትን ሲያዩ፣ «ዛሬ ሽሮው እግር አውጥቶ መጣልኝ?»

«መጣልዎት እማማ። እኔን ግን አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። ለዚህች ልጅ እንቁላል የሚሠራላት በየትኛው ድስት ነው?»

ወጣቷ በድንጋጤ እጄን ያዘችኝ። እማማ ደግሞ እንደ ቀልድ ወሰዱት።

«በድስት ነዋ! በባርኔጣ ሊሠራላት ኖሯል?» አሉና ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። ሳይስቁ ተዉት። ምድጃው ላይ ያለችውን ድስት አዩ፣ ሳህኑ ላይ ያለውን እንቁላል አዩ፣ መሬት መሬት የምታየውን የልጃቸውን ሚስት አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ» አሉ። «እስከ ዛሬ ምንም አልቀመሰችም?»

«ገንፎ በልታለች እማማ። ካሮትም እጨምርላታለሁ…»

«እንቁላሉን ነው ያልኩሽ።»

ራሷን ነቀነቀች፣ አልቀመሰችም ማለቷ ነው።

እማማ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሲናገሩ ለሷ ይሁን ለኔ አልለየሁትም። «እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከጎረቤት ድስት ተውሳ የምትሠራላት መስሎኝ። አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ደግሞ ፍስክ ቤቴ አይግባ ያልኩ እንዳይመስላት ፈራሁ።» ከዚያ ወደሷ ዞሩና ቆጣ አሉ፤ የእናት ቁጣ ነው፣ ይታወቃል። «ድስት እኮ ይታጠባል! ድስት ይንጻ ብለሽ ልጅቷን ልታከሻት ነው?»

«ቅር ይልዎታል ብዬ ነው» አለች፣ ዕንባ እየቀደማት።

«ቅር አይለኝም ብዬ አልዋሽሽም። ይለኛል። ታዲያ ቅር ይበለኝ!»

ይህን ብለው ተነሡና ወደ በረንዳው ሄዱ። ባልዲውን ገለበጡ፣ ከሥሩ አንዲት ትንሽ፣ ጎኗ የተሰረጎደ የአሉሚኒየም ድስት አወጡ። ለእግራቸው ውኃ የሚያሞቁባት ናት። «ይህቺ የትንሿ ትሁን። እግሬን በሌላ አሞቃለሁ። ደህና አድርገሽ ፈትጊያት። ከኛ ዕቃ ጋር አትታጠብ፣ ከኛ ዕቃ ጋር አትደርደር፣ መስኮቱ ላይ ትቀመጥ። ማንኪያም ለይላት። እንዲህ ሲሆን እኔም ቅር አይለኝም፣ አንቺም አትደበቂም።»

እንቁላሎቹ ስለቆዩ ውኃ ውስጥ ከተትናቸውና የተንሳፈፉትን፣ ማለት የተበላሹትን፣ ጣልን። ካልተንሳፈፉት አንዱን ወጣቷ እናት ገንፎው ላይ ሰብራ አማሰለችው። እማማ ገና አልፈቱም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሽታው እንዳይመጣባቸው ፊታቸውን ወደ በረንዳው አዙረው ተቀመጡ፤ ጆሯቸው ግን ጓዳ ነው። «ጨው አታብዢባት! በደንብ ይብሰል! አቀዝቅዢላት!» ይላሉ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ማንኪያ ተፋችው። ሁለተኛውን አፏ ውስጥ አገላብጣ አሰበችበትና ዋጠችው። ከዚያ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች።

ይህንን ለሲስተር ነገርኳት። «ሲስተር፣ ልጅ እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል። የጾመው ድስቱ ነው» አልኳት።

ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። «የኛም ቤት ድስት እኮ ይጾም ነበር! ግን እናቴ ቤት የልጆች ዕቃ ሁልጊዜ ለብቻው ነበር። በጾም ጊዜ ቁምሳጥኑ ላይ ይሰቀላል፤ እዚያ ሆኖ ስላየሁት ኖሬ ነው መሰለኝ፣ የሌለው ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄያችንን ቀየርን። «ለልጅሽ እንቁላል ትሰጫታለሽ ወይ?» ማለት አቆምን፤ ለሱ መልሱ ሁልጊዜ «እንዴታ!» ነው። አሁን ዱቄት እየመዘንኩ፣ እንደ ዋዛ፣ «በጾም የልጅሽን ድስት የት ነው የምታስቀምጪው?» እላለሁ። ያላት ሴት ሳታስብ ትመልሳለች፤ «አልጋ ሥር»፣ «ፍሪጁ ላይ»፣ «እህቴ ጋ»። የሌላት ደግሞ ዝም ትላለች፣ ወይ «የምን ድስት?» ትላለች። ስንቷ ዝም እንዳለች ባየሁ ጊዜ ልቤ ደነገጠ። እንቁላሉን የከለከለ ሰው የለም። ሁሉም ቤት ውስጥ አንዱ ሌላውን አክብሮ ዝም ብሏል፤ በመሃል ልጅ ይከሳል።

የክትባት ቀን ሲስተር ወረቀት ሳትይዝ ወጣች። እኔም ሱቄን ዘግቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። «እናቶች፣ ዛሬ ስለ ድስት ነው የማወራችሁ» አለች። ስልክ የምታይ የነበረችው ሁሉ ቀና አለች።

«በጾም ለልጅ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ይለይለት። ለብቻው ይታጠብ፣ ለብቻው ይቀመጥ። የሌላት ከጎረቤቷ ጋር በጋራ አንድ ትያዝ። የባልሽን እናት ደግሞ ሳትፈሪ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። የተቆጡ እንደሆነ እኔ ላይ አላክኪ፣ ነርሷ ናት ያለችው በይ።»

«እኔ ቤትስ ድስቱ ተለይቷል ሲስተር፣» አለች አንዷ ከፊት፣ «የአማቴ አፍንጫ ነው ያልተለየው! በር ዘግቼ እንኳ ብሠራ ይሸታቸዋል!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። አንዲት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሙስሊም እናት ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ እጇን አወጣች።

«እኛ ቤት ድስቱ አይጾምም» አለች። «የኔ ችግር ትሪው ነው። ልጆቼ አንድ ላይ ነው የሚበሉት። ታላላቆቹ እየዛቁ፣ ትንሹ ገና አንዷን ጉርሻ ሲያላምጥ ትሪው ያልቃል። እኔ ደግሞ በልቷል ብዬ አነሣለሁ።»

«እንግዲያው ላንቺ ልጅ ሳህን ይለይለታ!» አለች ሲስተር።

«ሳህን ሲለይለት ታላቁ ያለቅሳል።»

«ያልቅስ!» አሉ ከጎኗ ያሉት በአንድ ድምፅ።

«አይ፣ እሱም ልጅ ነው፣» አለች ሌላዋ፣ «ታላቁን የሳህኑ ጠባቂ አድርጊው። የኔ ልጅ እንደዚያ ሲሉት ማንንም አያስነካም፤ ራሱም አይነካም።» ሲስተር ይህን ስትሰማ ዞራ እኔን አየችኝ። ይኼም የነሱ ነው፣ ይወሰዳል ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ሳምንታት እኛው ሕንጻ ላይ አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት አንዲት ድስት ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ትሄዳለች። ከላይኛው ፎቅ ያሉ ጎረቤታሞች በጋራ የያዟት ናት። አንዷ ሠርታ፣ አጥባ፣ የቀጣይዋን በር አንኳኩታ ታስረክባለች። «ቶሎ በሉ፣ ልጄ እየጮኸ ነው!» የሚል ድምፅ ደረጃው ላይ ይሰማል። ሁሉም ቤት እንዲህ ሆነ አልልም። ደንበኞቼ መሃል እሺ ብላ ሄዳ ዛሬም ያልጠየቀች እንዳለች አውቃለሁ፤ ሽሮ ስትገዛ ፊቷ ላይ አየዋለሁ።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት ትንሿ ልትለካ ጤና ጣቢያ ሄድን። እማማም አልቀርም አሉ፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ በየመሃሉ እያረፉ መጡ። ባሏም ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ማንም ስለ አገር ቤት አላነሣም፣ ግን ሁላችንም የመጣነው ለሱ ነበር። ወጣቷ እናት የልጇን እጅጌ ሰብስባ ወዲያው መልሳ ስላወረደችው ሲስተር ራሷ ሰበሰበችላት። መለኪያዋን አጠለቀች፣ ሳብ አደረገች፣ ጎንበስ ብላ አየች።

«አረንጓዴ» አለች። «ገና ጫፉ ላይ ናት፣ እንዳትዘናጉ። ግን ከቢጫው ወጥታለች።»

«እስቲ ልየው» አሉ እማማ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክንዷን እስከ አፍንጫቸው አስጠግተው ተመለከቱ። ልጅቷ ነጠላቸውን ያዘች። «እውነት ነው» አሉና ወደ በሩ ዞሩ። «አንተ! ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ እማ» አለ ልጃቸው።

«እናቷ ጋ ለፋሲካ እንሄዳለን፣ ወተቱንም እንጠጣለን። ከዚያ ሁላችንም እንመለሳለን።»

«እንመለሳለን» አለ። ወደ ሚስቱ ሳያይ ነው ያለው፣ ጭምት ነው ብያችኋለሁ፤ ግን ልጅቷን ከእቅፏ ተቀብሎ፣ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቀድሞን ወጣ። ሚስቱ እዚያው መመርመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ሲስተር ውኃ አመጣችላት። ጠጣችና፣ «ልቤ ነው የደከመኝ» አለች፣ ከዚያ ስቃ ተነሣች።

ፋሲካ አልፎ፣ ዳግም ትንሣኤም አልፎ፣ አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከታክሲ ሲወርዱ አየኋቸው። መጀመሪያ እማማ፣ ቀጥሎ ባልየው ከነሻንጣው፣ በመጨረሻ እሷ። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ናት፤ ከአንቀልባው ብቅ ያለው እግሯ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እናትየው ዕቃው እስኪወርድ እንኳ አልጠበቀችም። መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«እንዴት ሰነበቱ እትዬ? ዱቄት ይስጡኝ፣ ቤት ምንም የለም» አለችኝ።

መዘንኩላት። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ ብቅ ብላ ሚዛኑን ስታይ ቆየችና፣ እንደ ልማዷ ሳቀችልኝ።